ፓፍ ሱስ አያስይዝም፤ የሚጎዳን የተሳሳተውን ፓፍ ብቻ ይዞ መኖር ነው

ወዳጆቼ፣ ሰሞኑን ስለ አስም አዳዲስ መርፌዎች ቪዲዮ እየላካችሁ «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ጎንደር መቼ ነው የሚገባው?» ትሉኛላችሁ። ጥያቄው ጥሩ ነው። የኔ ሐሳብ ግን ትንሽ ለየት ይላል።

መርፌዎቹ የሚሠሩት እንዲህ ነው። የመከላከያ ሕዋሶቻችን የሚነጋገሩት በመልእክተኛ ፕሮቲኖች ነው። ጭስ ወይ አቧራ የአየር ቧንቧን ሲቆጣ፣ የቧንቧው ሽፋን ቲ.ኤስ.ኤል.ፒ የሚባል መልእክት ይልካል። ከዚያ ኢንተርሉኪን 5 ኢዮሲኖፊል የተባሉትን ነጭ የደም ሕዋሳት ያበዛል፤ ኢንተርሉኪን 13 ደግሞ አክታውን ያበዛል፣ ቧንቧውንም ቁጡ ያደርገዋል። ሜፖሊዙማብ (እ.ኤ.አ. 2015) ኢንተርሉኪን 5ን፣ ቴዜፔሉማብ (2021) ቲ.ኤስ.ኤል.ፒን ያግዳሉ። ድንቅ ሥራ ነው፤ ዋጋው ግን አይቀመስም።

ታዲያ «ከባድ አስም» የሚባለው ማን ነው? ስቴሮይድ ያለበትን ፓፍ በበቂ መጠን፣ በትክክል እየወሰደ አልሻል ያለው ሰው ነው። ከአዘዞም ይምጣ ከደባርቅ፣ ሌሊት ደረቱ እያፏጨ ድንገተኛ ክፍል የሚደርሰው ሰው ብዙ ጊዜ እዚያ ደረጃ አልደረሰም። ኪሱ ውስጥ ያለው ሳልቡታሞል ብቻ ነው። ሳልቡታሞል የተጨማደደውን ጡንቻ ያላላል እንጂ መልእክተኞቹን አይነካም። እሳቱ እየነደደ ጭሱን በመስኮት እንደማስወጣት ነው።

ቤክሎሜታዞን ወይም ቡዴሶናይድ ግን እነዚህ ፕሮቲኖች ገና ሲመረቱ ይቀንሳቸዋል። ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ ጊና ከ2019 ጀምሮ አዋቂዎችና ወጣቶች በሳልቡታሞል ብቻ እንዳይታከሙ ይመክራል። ቡዴሶናይድ ከፎርሞቴሮል ጋር በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አለ። ስለዚህ ከመርፌው በፊት መጠየቅ ያለብን «ይሄ ፓፍ ዳባት ጤና ጣቢያ ሁልጊዜ ይገኛል ወይ?» የሚለውን ነው።

ለቀድሞ ተማሪዎቼ አንድ ነገር ልጨምር። እነዚህ መልእክተኞች ዋና ሥራቸው ትልን መዋጋት ነው። ጅማ ላይ ተሠርተው በላንሴት የወጡት የ1997 እና የ2001 ጥናቶች አስም ከገጠር ይልቅ በከተማ እንደሚበዛ፣ መንጠቆ ትል ያለባቸው ሰዎች ላይ ደግሞ የደረት ማፏጨት እንደሚያንስ አሳይተዋል። ትል መድኃኒት ነው ማለት አይደለም፤ መንጠቆ ትል ደም ይመጣል። ግን ከጃናሞራ የመጣ ሰው ኢዮሲኖፊሉ ከፍ ብሎ ስታዩ፣ የአስም ነው ብላችሁ ከመደምደማችሁ በፊት ሰገራውን አስመርምሩ። ፕሬድኒሶሎን ደጋግማችሁ ከማዘዛችሁ በፊትም ስትሮንጂሎይድስን አስቡ፤ በስቴሮይድ ሥር ተባዝቶ ሊገድል ይችላል።

ቤተሰብ ደግሞ «ፓፍ ከጀመርሽ አትተይውም» ማለቱን ይተው። መነጽር ማድረግ ሱስ ነው እንዴ? ስቴሮይዱን ከሳቡ በኋላ አፍን መጉመጥመጥ፣ ሕመሙ ሲሻል በራስ ውሳኔ አለማቋረጥ፣ እንጀራ ሲጋገር ጭሱ መውጫ እንዲኖረው ማድረግ። ለልጆች ስፔሰር ከጠፋ ግማሽ ሊትር የውሃ ላስቲክ ቂጡን በፓፉ አፍ ልክ በስቶ መጠቀም ይቻላል፤ ባለሙያ ያሳያችሁ።

መርፌውም አንድ ቀን ይምጣልን። እስከዚያ ግን በጥቂት ብር ፓፍ ሊድን የሚችል ሰው በጥቅምት ብርድ ትንፋሽ አጥሮት መሞት የለበትም። ፋርማሲ ያላችሁ ልጆቼ፣ ሳልቡታሞል ብቻ ሊገዛ የመጣውን ሰው «ሌላኛውስ አለህ?» ብላችሁ ጠይቁልኝ።