ከዳሸን በላይ ምን አለ?

እስቲ እጅ እናውጣ፤ ስንቶቻችን ነን ዋልያን በዓይናችን ያየን? እዚህ ገጽ ላይ ከምንጽፈው ስድስት ልጆች መካከል ያየችው አንዷ ብቻ ናት። እሷም ጨነቅ ላይ ቆማ፣ በተዋሰችው መነጽር፣ ለሁለት ደቂቃ ያህል። የቀረነው አምስታችን የምናውቀው ማልያ ላይ ነው። በጥቅምት 2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፎ ከ31 ዓመታት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ሲያልፍ፣ ልጆች ሆነን ድምፃችን እስኪዘጋ «ዋልያዎቹ!» ብለን ጮኸናል። ስናድግ ደግሞ በስሙ የተጠመቀውን ቢራ ጠጥተናል (አንዳንዶቻችን ከሚገባው በላይ)።

ባለስሙ እንስሳ ግን በዓለም ላይ በዱር የሚኖረው አንድ ቦታ ብቻ ነው፦ በሰሜን ተራሮች። ቁጥሩ ሺህ እንኳ አይሞላም።

አሁን ትንሽ ሂሳብ እንሥራ። ተራራ ስንወጣ በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ ወደ 0.6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ ብቻ በ1.3 ዲግሪ ጨምሯል፤ ከዚያም ወዲህ መጨመሩን አላቆመም። እንግዲህ ያንኑ የአያቶቹን ብርድ የሚፈልግ ሣር ከ200 ሜትር በላይ ሽቅብ መውጣት አለበት ማለት ነው። ጓሳው ይወጣል፣ ጓሳው ውስጥ የሚኖሩት አይጦች ይከተሉታል፣ አይጦቹን የሚበላው ቀይ ቀበሮም ይከተላቸዋል። ጥሩ፣ ይውጡ! ግን እስከ የት? ተራራ እንደ ፎቅ አይደለም፤ ሽቅብ በሄዱ ቁጥር መሬቱ እየጠበበ ይሄዳል። ራስ ዳሸን ከ4500 ሜትር ትንሽ አለፍ ብሎ ያበቃል። ከዚያ በላይ ሰማይ ነው። የሰሜኑ ቀበሮ ወደ ባሌ እንዳይሄድ በመሀል ያለው ቆላና እርሻ አያሻግረውም። በዓለም ላይ ያሉት ቀይ ቀበሮዎች በሙሉ ተደምረው 500 እንደማይሞሉ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም ባሌ እንዳሉ ልብ በሉልን።

ይህ የላይኛው በኩል ነው። ከታች በኩል የሚመጣው ደግሞ ገብስ ነው። ሰሜን ላይ ገብስ ከ3500 ሜትር በላይም ይዘራል። ከዚያ በላይ እንዳይዘልቅ ያገደው ማን ነበር? አዋጅ አይደለም፣ ውርጭ ነው! ውርጭ ደመወዝ የማይጠይቅ የፓርክ ዘበኛ ነበር። ሙቀቱ ሲጨምር ዘበኛው ሥራውን ይለቃል፤ ልጆቹን ማብላት ያለበት ገበሬ ደግሞ የተከፈተለትን መሬት ቢያርስ ማን ይፈርድበታል?

እኛ እንፈርድበታለን! ችግራችን እዚህ ላይ ነው። ካፌ ቁጭ ብለን «ገበሬው ፓርኩን ጨረሰው» ማለት እንወዳለን። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 ከዓለም የመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች አንዱ ሆኖ ሲመዘገብ ኮራን፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ተርታ ሲገባ አዘንን፤ በ2017 ከዚያ ዝርዝር ሲወጣ ደግሞ አጨበጨብን። ግን ከመውጣቱ በፊት ምን እንደሆነ ስንቶቻችን እናውቃለን? ፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር በ2016 ሙሉ በሙሉ ተነስቶ ደባርቅ አጠገብ ሰፍሯል። ከ400 በላይ አባወራ ቤቱን፣ እርሻውን፣ የወላጆቹን መቃብር ትቶ ወርዷል። ለዋልያ ሲሉ ግጭዎች አገር ለቀቁ። እኛ ምን ለቀቅን? በ2019 ፓርኩ በእሳት ሲያያዝ እንኳ፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ሠራተኞችና ከኬንያ ሄሊኮፕተር እስኪደርሱ ድረስ ከነበልባሉ ጋር ሲታገል የነበረው ያው «ጨረሰው» የምንለው ነዋሪ ነው።

«መጀመሪያ ሰው፣ ፍየሉ ይቆየው» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። እኛም የምንለው መጀመሪያ ሰው ነው! ሰማዩን ያሞቁት ሌሎች ናቸው፤ የኢትዮጵያ ድርሻ ከዓለም ጭስ 1 በመቶ አይሞላም። የላይኛውን በኩል ለብቻችን ማቆም አንችልም። የታችኛው ግን በእጃችን ነው፣ የታችኛው ማለት ደግሞ ሰው ነው። ደባርቅ፣ ጃናሞራና በየዳ ያለው ገበሬ ከገብስ ሌላ መተዳደሪያ ካለው ተራራው ይተነፍሳል። ለከብቱ መኖ ካገኘ ጓሳው ይተርፋል። ውሻው የእብድ ውሻ ክትባት ከተወጋ ቀበሮው ከዚያ በሽታ ይድናል።

ገንዘብ ከየት ይምጣ? ከስሙ! ዋልያን፣ ዳሸንን፣ ሰሜንን በጠርሙስ፣ በማልያና በማስታወቂያ ላይ ለጥፎ የሚሸጥ ሁሉ ከእያንዳንዱ ሽያጭ ጥቂት ሳንቲም የስም ኪራይ ይክፈል። ሰው በስሙ ሲነገድበት ይከሳል፤ ዋልያ ጠበቃ ስለሌለው ነው? ገንዘቡን ማን ይበላዋል ለምትሉ፣ ትክክል ናችሁ፣ እኛም ፈርተናል። ስለዚህ አዲስ አበባ ሳያድር በቀጥታ ለቀበሌዎቹ የገበሬ ማኅበራት ይግባ፤ የገባውና የወጣውም በየወሩ በአደባባይ ይለጠፍ።

ያቺ ዋልያ ያየችው ጓደኛችን፣ መነጽሩን ያዋሳትን የበቅሎ አከራይ ሰሞኑን ደውላለት ነበር። በ2020 ኮሮና፣ ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2023 ጀምሮ ደግሞ የአማራ ክልሉ ግጭት እየተከታተሉ ቱሪስት አራቁበት። ሁለቱን በቅሎዎች ሸጧቸዋል። አሁን ምን እየሠራህ ነው ብትለው፣ ከበፊቱ ማሳው ከፍ ብሎ ገብስ መዝራቱን ነገራት።