ዶስ፣ ዶዝ እና የቤታችን ማንኪያ

በገጠሩ ደዶ በብዙ ቤት የመድኃኒት ጠርሙስ ላይ ያለውን ጽሑፍ የሚያነበው የቤቱ ተማሪ ነው። አኮ ከጤና ጣቢያ የተሰጣቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ የ6ኛ ወይም የ7ኛ ክፍል ልጅ ተጠርቶ «እስቲ ምን ይላል?» ይባላል። እሱም እንደ ትልቅ ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ ያነባል። በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት ይህን ልጅ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ለዚህ ነው የልጆች እንግሊዝኛ ሲነሳ ሌላው ወላጅ የፈተና ውጤት ሲታየው ለእኔ ማንኪያ የሚታየኝ።

እንግሊዞች የሻይ ማንኪያን «ቲስፑን»፣ የሾርባ ማንኪያን «ቴብልስፑን» ይላሉ። ባጭሩ ሲጻፉ ቲ ኤስ ፒ እና ቲ ቢ ኤስ ፒ ናቸው፤ የሚለያቸው አንዲት ፊደል ብቻ። የመጀመሪያው 5 ሚሊ ሊትር ነው፣ ሁለተኛው 15። በቀን ሦስት ጊዜ አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ የፓራሲታሞል ሽሮፕ የታዘዘለት ሕፃን በሾርባ ማንኪያ ቢሰጠው በ15 ፈንታ 45 ሚሊ ሊትር ይጠጣል። ፓራሲታሞል ሲበዛ ጉበት ይጎዳል፤ ጉዳቱም በመጀመሪያው ቀን ላይታይ ይችላል። የቤት ማንኪያ ደግሞ መጠኑ ከቤት ቤት ይለያያል፤ ስለዚህ ከጠርሙሱ ጋር የሚመጣውን ትንሽ መስፈሪያ ልጆች መጫወቻ እንዳያደርጉት አደራ።

የመድኃኒት መጠንን ሁላችንም «ዶዝ» እንላለን። በአማርኛችን ነውር የለውም፤ ፈረንሳዮችም እንዲሁ ነው የሚሉት። በእንግሊዝኛ ግን መጠን «ዶስ» ነው፤ በ«ዝ» ከጨረሱት ማንቀላፋት ይሆናል። «ዊክ» ደግሞ ሳምንትም ነው፣ ደካማም ነው። ድምፁ ፍጹም አንድ ስለሆነ የሚለየው አጻጻፉና ዙሪያው ያለው ቃል ነው። «ኪችን» ብሎ ወጥ ቤትን «ቺክን» ብሎ ዶሮ የሚያደርግ ልጅ ቢያስቅ እንጂ ጉዳት የለውም። ዓይንና ጆሮ ግን በእንግሊዝኛ ሁለቱም በአንድ ፊደል የሚጀምሩ ባለ ሦስት ፊደል ቃላት ናቸው፤ የጆሮ ጠብታ ደግሞ ዓይን ውስጥ አይገባም።

ከሁሉ የሚያስቸግሩት ቁጥሮች ናቸው። «ፊፍቲን» 15 ነው፣ «ፊፍቲ» 50። የአገሩ ተናጋሪ 15ን ሲጠራ መጨረሻውን ረዘም፣ ጠንከር ያደርጋል፤ 50ን ሲጠራ መጀመሪያውን ይጫናል። 13ና 30፣ 14ና 40 እያለ እስከ 19ና 90 ድረስ ችግሩ ይሄው ነው። አብራሪዎች በሬዲዮ ሲነጋገሩ አኃዞቹን አንድ በአንድ፣ «አንድ አምስት»፣ «አምስት ዜሮ» እያሉ የሚጠሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ቤት ውስጥም ይሠራል።

ደግሞ ይህ የገጠር ልጅ ችግር ብቻ አይምሰላችሁ። ለልብ ሕመምተኞችና ለደም ግፊት የሚታዘዘውን ላሲክስን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ሎሴክ የሚባል የጨጓራ መድኃኒት ሲወጣ ከላሲክስ ጋር እየተምታታ ስላስቸገረ በ1990 እ.ኤ.አ. ስሙ ፕሪሎሴክ ተባለ። እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበት ሐኪሞችና ፋርማሲስቶች ናቸው እንግዲህ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2007 እ.ኤ.አ. ለሕሙማን ደኅንነት ካወጣቸው ዘጠኝ መፍትሔዎች የመጀመሪያው የሚመሳሰሉ የመድኃኒት ስሞችን የሚመለከት ነበር።

ልጆቻችንን እንዴት እንርዳ? ብዙ አያቶች «እኔ እንግሊዝኛ አላውቅ» ብለው ይሸሻሉ። ግን የሚያስፈልገው ጆሮ እናንተ ዘንድ አለ። በአፋን ኦሮሞ ባዳ ስንል «ዳ»ዋ ከጠበቀች ደጋ ነው፣ ከላላች ክፉ ነው። የእኛን ደጋ ደዶን ሊያመሰግን የመጣ እንግዳ አላልቶ ቢናገር ክፉ አገር ብሎን ይሄዳል። (በአማርኛ ባዳ ሌላ ነገር መሆኑን እንተወው።) ላፋ በአጭሩ ሲነገር መሬት ነው፣ አናባቢዎቹ ሲጎተቱ ለስላሳ ነው። ቁቤ ይህን ፊደሉን ደግሞ በመጻፍ ያሳያል። አማርኛም «ይመታል» ሲል መቺውንና ተመቺውን የሚለየው በመጥበቅና በመላላት ነው፤ ፊደሉ አያሳይም፣ ጆሮ ግን አይስትም።

እንግዲህ እንግሊዝኛው «ሽፕ» ሲያጥር መርከብ፣ «ሺፕ» ሲረዝም በግ ነው። «ፍል» መሙላት፣ «ፊል» መሰማት። አናባቢው ከመርዘሙ ሌላ ቃናውም ትንሽ ይለያል፤ ቢሆንም አጭርና ረጅም መለየት ለአፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ልጅ አዲስ ትምህርት አይደለም። የሚከብደው ሌላ ነው። ላልታ የምትነገረው «ፐ» በሁለቱም ቋንቋችን የውሰት ቃላት ይዘዋት የመጡ ናት፤ ስለዚህ ክኒን ማለት የሆነው «ፒል» «ቢል» ይሆንና ሂሳብ መጠየቂያ ይሆናል። ምላስ በጥርሶች መካከል ወጣ የሚልበት ድምፅም ስለሌለን ሦስት ቁጥር «ትሪ» ተብሎ ዛፍ ይሆናል።

ቡና እስኪፈላ ድረስ ሊጫወቱት ይቻላል። ትልቁ ልጅ ከሁለቱ ቃላት አንዱን ይጥራ፤ ትንሹ ዓይኑን ጨፍኖ የትኛው እንደሆነ ይናገር። አኮ ደግሞ በተራቸው ባዳን አጥብቀውና አላልተው ይጠይቁ። ጆሮ ሳይለይ አፍ አይለይምና ማዳመጡ ይቅደም። «ፐ» እምቢ ያለውን ልጅ ግን አትሳቁበት፤ የተሳቀበት ልጅ በክፍል ውስጥ እጁን አያወጣም። እንደ ፈረንጅ በአፍንጫ እንዲናገር የሚከፈለው ገንዘብም ለእኔ ብክነት ነው። መርከብና በግን ከለየ የደዶ ቃና ቢኖረው ምን ይጎዳል?

ጊዜውም አጭር ነው። በኦሮሚያ ልጆች እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ይማራሉ፤ እንግሊዝኛ አንድ የትምህርት ዓይነት ነው። 9ኛ ሲገቡ ባዮሎጂውም ኬሚስትሪውም በእንግሊዝኛ ይሆናል። እኛ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ተምረን እንኳ ብዙ ተቸግረናል።

እስከዚያው ልጁ መድኃኒት ሲያነብላችሁ «አንብብ» ብላችሁ አትተዉት። በቤት ቋንቋችሁ ይንገራችሁ፦ ስንት፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ ለስንት ቀን፣ ከምግብ በፊት ወይስ በኋላ። ከአራቱ በአንዱ ከተንተባተበ ጠርሙሱን ይዛችሁ ወደ ሰጣችሁ ባለሙያ ተመለሱ፤ መጠኑን በምታነቡት ቋንቋ ወረቀቱ ላይ እንዲጽፍላችሁም ጠይቁት።