ባሩድ በሚዛን

እሑድ ማለዳ በእስራኤል የቤርሼባ ታሃና መርካዚት፣ ማዕከላዊው የአውቶቡስ ጣቢያ፣ በጠመንጃ ይሞላል። ሰንበትን ቤታቸው የዋሉ ወታደሮች ወደ ኔጌቭ የጦር ሰፈሮች ለመመለስ ቦርሳቸውን እግራቸው ሥር ጥለው፣ መሣሪያቸውን ደረታቸው ላይ አንግተው አውቶቡስ ይጠብቃሉ። ከመካከላቸው የኛ የቤተ እስራኤል ልጆችም አሉ። ነጠላቸውን አጣፍተው አግዳሚው ላይ የተቀመጡ አባቶች ያን ሁሉ ብረት ዝም ብለው ያዩታል። የሚያዩት ግን ጠመንጃውን ብቻ አይደለም፤ ካዝናውንም በዓይናቸው ይቆጥራሉ። ጎንደር ገጠር ላደገ ሰው ጠመንጃ መያዝ አንድ ነገር ነው፣ የሚያጎርሱትን ማግኘት ደግሞ ሌላ ነገር ነው።

ይህ ከንቱ ትዝታ አይደለም። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 የሠሩት ግራ የሚባል ጠመንጃ ሐበሻ አገር ሲገባ ፈረንሳይኛው «ፉዚ ግራ» በሕዝቡ አፍ «ውጅግራ» ሆነ። ባለ 11 ሚሊ ሜትር ጥይቱም በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንደ አሞሌ ጨው ገበያ ላይ የሚመነዘር ገንዘብ ነበር። ቀለሃው ናስ ነውና አይጣልም፤ ተለቅሞ እንደገና ባሩድ ይጎርሳል። ባሩዱም የአገር ነበር፤ ጨው መሰሉ ፖታሲየም ናይትሬት፣ ድኝና ከሰል በአንድነት ተወቅጠው የሚወጡ። ቀለሃ ደጋግሞ መሙላት ለአያቶቻችን የእጦት ሥራ ነበር። ዛሬ አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ ያው ሥራ የቅንጦት ሆኗል ማለት ይቻላል፤ ፋብሪካ የሞላውን ሳጥን ሙሉ ጥይት መግዛት የሚችል አዳኝ ማታ ማታ ጓዳው ተቀምጦ አንድ በአንድ ይሞላል።

ለምን ቢባል፣ የፋብሪካ ጥይት በዓይነቱ ላሉ ጠመንጃዎች ሁሉ የሚሆን ጥይት ነው፤ ለሁሉም የሚሆን ነገር ደግሞ ለማንም በልኩ የተሰፋ አይደለም። ጠመንጃ እንደ በቅሎ ጠባይ አለው። አንዱ ከባድ አረር ይወዳል፣ ሌላው ቀላል። አንዱ አረሩ ወደ አፈሙዙ ጠጋ ብሎ ሲቀመጥለት ይሰበስባል፣ ሌላው ይበትናል። አዳኙ ቀለሃውን ወደ ልኩ ይመልሳል፣ እሳት የምትሰጠውን ትንሽ ቆብ ከቂጡ ይገጥማል፣ ባሩዱን ይመዝናል፣ አረሩን በተለካ ጥልቀት ያስቀምጣል። የባሩዱ መለኪያ ግሬን ይባላል፤ ስሙም ከእህል ፍሬ የመጣ ነው። አንድ ግሬን ወደ 65 ሚሊ ግራም ይመዝናል። ጠንቃቃው አዳኝ ግን የዚያን አንድ አሥረኛ ይለያል፤ ይህም ሃያ ያህል የጤፍ ፍሬ ማለት ነው። አንድን ጥይት ከሌላው የሚለየው ሃያ የጤፍ ፍሬ እንዳይበልጥ የሚጨነቅ ሰው እንግዲህ እብድ ወይም ባለሙያ ነው።

ድፍረት የማይፈቀድበት ሥራም ነው። ጭስ አልባው የዛሬ ባሩድ እንደ ጥንቱ ጥቁር ባሩድ አይምርም። ትንሽ ሲበዛ በቀለሃው ውስጥ ያለው ግፊት ያለ ልክ ይወጣል፣ ቆቡ ይጨፈለቃል፣ መቀርቀሪያው አልከፈት ይላል፣ ከባሰም ብረቱ ተኳሹ ፊት ላይ ይፈነዳል። ስለዚህ ባለሙያዎች ባሩዱን የሠራው ድርጅት ባሳተመው ሰንጠረዥ ከዝቅተኛው መጠን ይጀምራሉ፣ በጥቂት በጥቂቱ ይጨምራሉ፣ ከጣሪያው አያልፉም። የጎረቤት ጠመንጃ የተሸከመውን መጠን ለራስ መውሰድም ነውር ነው፤ የዚያኛው ብረት ሌላ ነውና።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ስሕተት ግን ብዙ ብልሆችን ይጥላል። ሰውየው አዲሱን ጥይት ይዞ ሜዳ ይወጣል፣ መቶ ሜትር ላይ ሦስት ጊዜ ይተኩሳል፣ ሦስቱ ቀዳዳዎች በአንድ ሳንቲም ይሸፈናሉ። «አገኘሁት!» ብሎ ወደ ቤቱ ይሮጣል። ያገኘው ዕድል ሊሆን ይችላል። ዳማ ወይም ገበጣ ሦስት ጊዜ ያሸነፈ ሁሉ ሊቅ እንዳልሆነ ሁሉ፣ ሦስት ቀዳዳም ስለ ጠመንጃው የሚናገረው ጥቂት ነው። አሥርና ከዚያ በላይ ሲተኮስ ያ የተሰበሰበው ክምር እየሰፋ ይሄዳል፤ እውነተኛው ልኩ ያኔ ይታያል። ይህን መስማት የማይወዱ አዳኞች ብዙ ናቸው፣ ምክንያቱም ጥይት ውድ ነው፤ ትከሻም ይደክማል።

አሁን ርቀቱን እንጨምር። የተለመደውን ባለ 7.62 ሚሊ ሜትር የአደን ጠመንጃ፣ አረሩን በሰከንድ 800 ሜትር ገደማ የሚያስወጣውን እንውሰድ። መቶ ሜትር ላይ ልክ ቢስተካከል፣ ሦስት መቶ ሜትር ላይ አረሩ ግማሽ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፣ አምስት መቶ ሜትር ላይ ደግሞ ሁለት ሜትር ያህል። ይህ ግን የሚቆጠር ነገር ነው፤ መነጽሩን አዙሮ ማካካስ ይቻላል። የማይቆጠረው ንፋስ ነው። በሰከንድ አራት ሜትር የሚነፍስ፣ ነጠላን ጫፉን ብቻ የሚያነሳ ንፋስ ያንኑ አረር አምስት መቶ ሜትር ላይ ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ጎን ይገፋዋል። የዋልያ ወይም የአጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ስፍራ ከአንድ ስንዝር ብዙ አይበልጥም። አረሩ እዚያ ለመድረስ ደግሞ ሦስት አራተኛ ሰከንድ ይፈጅበታል፤ እንስሳው አንድ እርምጃ ቢራመድ ልቡ የነበረበት ቦታ ሆዱ ይገኛል።

ቦታም ይለውጣል። ቤርሼባ ከባሕር ወለል በላይ 270 ሜትር አካባቢ ናት፣ የበጋ ከሰዓቷም ይጠብሳል። የባሌ ተራሮች ከ3000 ሜትር በላይ ይወጣሉ፣ ማለዳቸው ውርጭ ነው። በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሚከብድ አረሩን ብዙም አያዘገየውም፣ ከተለመደውም ከፍ ብሎ ይመታል። ቅዝቃዜው ግን ባሩዱን ያለዝበዋል። አንዳንድ ባሩድ በ30 ዲግሪ ልዩነት ከፍጥነቱ በሰከንድ 15 ሜትር ያህል ያጣል፤ ያ ብቻውን አምስት መቶ ሜትር ላይ አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ያወርዳል። አንዱ ከፍ ሲያደርግ ሌላው ዝቅ ያደርጋል። ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘውን የደጋ አጋዘን በፈቃድ ለማደን ከባሕር ማዶ የሚመጣ ሰው አየር መንገዶች የሚፈቅዱለትን አምስት ኪሎ ጥይት ይዞ ይደርሳል፤ አገሩ ሜዳ ላይ ያገኘው ልክ ግን አብሮት አይሳፈርም። ወደ ገደሉ ከመውጣቱ በፊት እዚያው ከፍታ ላይ ደግሞ መተኮስ አለበት።

የዚህ ጽሑፍ ክርክር እዚህ ላይ ነው። ዛሬ በስልክ የሚዞረው የአደን ቪዲዮ ከሺህ ሜትር የወደቀ እንስሳ ያሳያል፤ ቆስሎ የሄደው ግን አይቀረጽም። ጥይትን በጤፍ ፍሬ ልክ የመዘነ ሰው የበለጠ ርቆ የመተኮስ መብት አላገኘም። ያገኘው የራሱን ዳር ማወቅ ነው፤ ጠመንጃው እዚህ ድረስ ይሰበስባል፣ ከዚያ ወዲያ ይበትናል። ሦስት መቶ ሜትር ላይ የሚያቆመው ሰው ባሩዱን በከንቱ አልመዘነም። ስምንት መቶ ላይ ሞክሮ የሚስተው ግን ሚዛኑን ለጌጥ ነው የገዛው። በዝናሩ አምስት ጥይት ብቻ የነበረው የገጠር አዳኝ ይህን ያለ መለኪያ ያውቀው ነበር፤ እስኪጠጋ ድረስ በሆዱ ይሳባል እንጂ ከማዶ ሸንተረር ገንዘቡን አይበትንም።

እውነት ነው፣ ጥይት ውድ መሆኑ ዋልያን አላዳነውም። ሰሜን ተራሮች ላይ ብቻ የሚኖረው ይህ እንስሳ ጠመንጃ ሲበዛ፣ ሥጋውና ዋንጫ የሚሆነው ቀንዱ ሲፈለግ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ቁጥሩ ወደ ጥቂት መቶ ወርዶ ነበር። የሰሜን ተራሮች ፓርክ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ገደል አፋፍ ላይ የቆሰለ ዋልያ ደግሞ ወደ ጥልቁ ይወድቃል፤ ያቆሰለውም ሰው አያገኘውም።

ወደ ቤርሼባ ስንመለስ፣ እስራኤል ውስጥ ጥይት በጓዳ መሙላት እንደ ልብ የሚሠራ ነገር አይደለም። የ1949 የጦር መሣሪያ ሕግ ያለ ፈቃድ ጥይት ማምረትን ይከለክላል። ሽጉጥ የተፈቀደለት ሰው የሚይዘው ጥይት ሳይቀር የተቆጠረ ነው፤ 50 ነበር፣ ከኦክቶበር 2023 ወዲህ 100 ሆኗል። ኢትዮጵያም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያን በፈቃድ አስራለች። ሕጉ ጥይት ይቆጥራል፤ የተኳሹን ዓይን ግን የሚቆጥርለት የለም።

ዓይን ሲሳሳት ምን እንደሚሆን ደግሞ ይኸው ታሃና መርካዚት አይቷል። ኦክቶበር 18 ቀን 2015 ምሽት አንድ ታጣቂ እዚህ ገብቶ አንድ ወታደር ገድሎ መሣሪያውን ነጠቀ። በዚያ ግርግር የጥበቃ ሠራተኛ አንድ ኤርትራዊ ስደተኛን ሁለተኛው አጥቂ መስሎት ተኮሰበት፤ ወድቆ እያለም ሰዎች ደበደቡት። በዚያው ሌሊት ሞተ። ርቀቱ ጥቂት እርምጃ ነበር። ንፋስ አልነበረም፣ ጥይቱም የፋብሪካ ነው፣ የተተኮሰበት ቦታ ላይ አረፈ። የተሳሳተው መልክ ነው፤ የኛን የሚመስል መልክ። ስለዚህ ነው አግዳሚው ላይ የተቀመጡት አባቶች ወታደር ሲያልፍ ዝም የሚሉት።

ከዚሁ ጣቢያ ተነስቶ ወደ ምፅፔ ራሞን የሚወርድ አውቶቡስ አለ፤ በስዴ ቦከር በኩል ያልፋል። መንገዱ ላይ የዋልያ ዘመድ የሆነው የኔጌቭ የተራራ ፍየል በመንጋ ይታያል፣ ቀንዱ ያው እንደ ማጭድ ወደ ኋላ የታጠፈ። ከ1955 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው፣ ሰውን አይሸሽም፤ ምፅፔ ራሞን ከተማ መሐል አትክልት ይበላል። ከሰሜን ተራሮች አካባቢ የመጣ ሰው መጀመሪያ ሲያየው ሳያስበው ግራ ዓይኑን ጨፍኖ ርቀቱን ይገምታል። አሥር እርምጃ ነው። ሾፌሩ ፍጥነቱን ቀንሶ መንጋው እስኪሻገር ይቆማል።