ስለ ድፍድፍ ነዳጅ አተላ

ድፍድፍ ነዳጅ በእሳት ኃይል ሲተን ቤንዚኑ፣ ላምባውና ናፍጣው እንደየክብደታቸው ይለያሉ፤ ከታች የሚቀረው ግን እንደ ጠላ አተላ ወፍራምና ጥቁር ነው። አሜሪካዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ዊልያም በርተን ከባዱን ዘይት በብርቱ ሙቀትና ግፊት ሰንጥቆ ቤንዚን ማውጣትን በ1913 እ.ኤ.አ. በኢንዲያና በሥራ ላይ አዋለ። ፈረንሳዊው ኢዠን ኡድሪ ደግሞ ለሥራው ረዳት የሚሆን የሸክላ ዐይነት አፈር ጨመረበት፤ ይኸውም አፈር ጥላሸት በለበሰ ጊዜ ጥላሸቱ በአየር ተቃጥሎ ይጸዳና እንደ ገና ይሠራል።

እንግዲህ የማጣሪያ ውል የሚፈርም ሹም ስንት በርሜል ያጣራል ብሎ ብቻ አይጠይቅ፤ ከባዱን የሚሰነጥቅ ክፍል አለውን? ይበል። የክፍሉ ዋጋ ብዙ መሆኑን አንክድም፤ ነገር ግን ይህ የሌለው ማጣሪያ ከከባድ ድፍድፍ ግማሽ ያህሉን ከገዛበት በታች ለመሸጥ ይገደዳል።