ሽለላን ከጦር ሜዳ ያወጣው ሳክስፎን

አንጋፋው ሳክስፎኒስት ጌታቸው መኩሪያ የተወለዱት ከመንዝ ደጋ ቁልቁል በሚታየው ይፋት ነው። በሳክስፎን የሚያሰሙትም ደገኛውም ቆለኛውም የሚያውቀውን ሽለላ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1979 የተመሠረተው የሆላንድ ፐንክ ሮክ ባንድ «ዘ ኤክስ» በ2004 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር አምስተርዳም ጋበዛቸው። ቀጥሎ አብረን እንሥራ ያሉት ራሳቸው ጌታቸው ነበሩ። በ2006 «ሞአ አንበሳ»፣ በ2012 «ያንበሳው ትዝታ» ወጡ፤ በ2008 ደግሞ በኒውዮርኩ ሊንከን ሴንተር አብረው ተጫወቱ።

ቁም ነገሩ ፈረንጅ አደነቀን ብሎ መኩራራት አይደለም። ፐንክ የቁጣ ሙዚቃ ነው፤ ሽለላም ቁጣ ያውቃል። ያለ አስተርጓሚ የተግባቡት ለዚህ ነው።

እኛ ዘንድ ግን ሽለላ የሚታወሰው ጠመንጃ ሲነሳ ሆኗል። ጦርነት ሲመጣ ሁሉም ወገን ይሸልልበታል፤ ሲያልፍ ይረሳዋል። ጌታቸው ያንኑ ወኔ ማንም በማይሞትበት መድረክ ላይ አዋሉት። ትልቁ ውለታቸው ይህ ነው።

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ሽለላና ፉከራ አዋቂ አዛውንቶች እያለፉ ነው። ድምፃቸውን ለመቅረጽ የውጭ ባንድ መጠበቅ አያስፈልግም። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲና የየወረዳው ባህል ጽሕፈት ቤት፣ መንገዱ ሰላም በሆነበት ሁሉ፣ መቅረጫ ይዘው ቢወጡ ይበቃል።

ጌታቸው በ2016 ሲያርፉ ሥራቸው በሸክላና በሲዲ ተቀምጦ ነበር። የመንዙ አዛውንት ሲያርፉ ምን ይቀራል?