የሴት ብዕር የማን ምስክር ነው?

ሴት የጻፈችው ግለ ታሪክ እጁ ሲገባ፣ ሐያሲው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስለ እገሌ ምን አለች?» ብሎ ነው። በሕይወት ተፈራ «ታወር ኢን ዘ ስካይ» (እ.ኤ.አ. 2012) ውስጥ ጌታቸው ማሩ፣ በታደለች ኃይለ ሚካኤል «ዳኛው ማነው?» ውስጥ ብርሃነ መስቀል ረዳ ይፈለጋሉ። ደራሲዎቹ ግን የወንድ ታሪክ የተጫነባቸው አጋሰሶች አይደሉም፤ ራሳቸው ያሰቡ፣ የታገሉ፣ የታሰሩ ናቸው።

እንስታዊ ሂስ ይህን የተጣመመ ጥያቄ ማቅናት ነው። ኢትዮጵያዊት ካናዳዊቷ አይዳ እደማርያም እ.ኤ.አ. በ2018 የአያቷን የወይዘሮ የተመኙን ሕይወት በእንግሊዝኛ አሳተመች። ጎንደሬዋ የተመኙ አሥር ዓመት ሳይሞላቸው በሁለት ዐሥርት ዓመታት ለሚበልጧቸው ካህን ተዳሩ፤ ወረራን፣ መበለትነትንና አብዮትን አዩ፤ ለባላቸው ፍትሕ ፍለጋ ከንጉሠ ነገሥቱ ፊት ቆሙ። ዜና መዋዕል ጸሐፊ ያላየውን ጓዳ፣ ደራሲዋ የታሪክ አደባባይ አደረገችው።

«ይህ የማጀት ወሬ እንጂ ታሪክ አይደለም» የሚል አይጠፋም። ማጀቱ ባይኖር አደባባዩ ምን በልቶ ይቆም ነበር?

ጉዳዩ የሩቅ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስ ብዙ ነዋሪዎች ወደ ከተማዪቱ ዳርቻ ሄዱ። የቤቶቹ ቁጥር በመዝገብ ይገኛል፤ እንጀራ ጋግረው፣ ጠላ ጠምቀው፣ በዕድር ተደጋግፈው ሰፈሩን ያኖሩት ሴቶች ታሪክ ግን በየትኛው መዝገብ ሰፈረ? መምህሩ ተማሪውን ደብተር አስይዞ ወደ እናቱ ይላከው። ሐያሲውም የእናቲቱ ቃል ታትሞ ሲደርሰው «ባልሽስ?» አይበል፤ «አንቺስ?» ብሎ ይጠይቅ።