ከ«ነበር» ወደ «ዛሬ»

በእንግሊዝኛ ክፍላችን መምህሯ አንድ ዓረፍተ ነገር ሰሌዳው ላይ ጻፈችና ባዶውን ቦታ እንድንሞላ ጠየቀችን። ሐሳቡ «ቀደም ብዬ ብጀምር ኖሮ አሁን ነጻ እሆን ነበር» የሚል ነው። ብዙዎቻችን ሳናመነታ «ዉድ ሃቭ ቢን» ብለን ሞላን። ስሕተት ነው ተባልን። በመጨረሻው ላይ «ናው» የሚል ቃል ስላለ መልሱ «ዉድ ቢ» ነበር። አንዳንዶቻችን ይህን ስሕተት ስንደግመው ሦስተኛ ጊዜያችን ነው።

ስሕተቱ የስንፍና አይደለም። በቤታችን የምንናገራቸው ሁለቱም ቋንቋዎች እንዲህ ዓይነት ምርጫ አይጠይቁንም። በአማርኛ «ቀደም ብዬ ብጀምር ኖሮ ያኔ ነጻ እሆን ነበር» እንላለን፤ «ቀደም ብዬ ብጀምር ኖሮ ዛሬ ነጻ እሆን ነበር»ም እንላለን። «እሆን ነበር» በሁለቱም ቦታ ያው ነው፤ ጊዜውን የሚነግረን «ያኔ» ወይም «ዛሬ» የሚለው ቃል ብቻ ነው። ዕብራይስጡም እንዲሁ ነው። አንድ ሰው «ኢሉ» ብሎ ጀምሮ ወደ «ሃይቲ» ሲሻገር፣ ስላለፈው ይሁን ስለ አሁኑ የሚናገረው የምንለየው ከቀሩት ቃላት ነው። እንግሊዝኛ ግን በግሡ ላይ እንድንወስን ያስገድደናል። ምክንያቱም ውጤቱም ያለፈ ከሆነ «ዉድ ሃቭ ቢን»፤ ምክንያቱ ያለፈ ሆኖ ውጤቱ ዛሬም ከኛ ጋር ካለ «ዉድ ቢ»። የ«ኢፍ» ግማሽ በሁለቱም አይለወጥም፤ «ሃድ» እና ሦስተኛው የግሥ ቅርጽ ነው። የሚለወጠው ሁለተኛው ግማሽ ነው።

ይህን ያህል ነው፤ አንድ አንቀጽ። ከአማርኛችንና ከዕብራይስጣችን ጋር አስተያይቶ ቀደም ብሎ የነገረን ሰው ቢኖር ኖሮ ዛሬ ብዙዎቻችን በዚህ ጥያቄ ላይ አንወድቅም ነበር።

ነገሩ የአንድ ጥያቄ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በዚህ አገር ያለ እንግሊዝኛ ዲግሪ የለም። በአሚራም ፈተና ነጥቡ ከ50 እስከ 150 ነው፤ 134 ያመጣ ፕቶር ያገኛል፣ ከዚያ በታች ያመጣ እንደ ነጥቡ ከአንድ ደረጃ ኮርስ ወደ ሌላው ይሸጋገራል። እነዚህ ኮርሶች በአብዛኛው ለዲግሪው ነጥብ አይቆጠሩም፤ ጊዜና ድካም ግን ይወስዳሉ። ከቤታችን ዩኒቨርሲቲ የገባን የመጀመሪያዎቹ ስለሆንን «ይህን አስቀድማችሁ ጨርሱ» የሚለን ታላቅ ወንድም ወይም ታላቅ እህት አልነበረንም። ስለዚህ እንግሊዝኛውን ለሚቀጥለው ዓመት፣ ከዚያም ለሚቀጥለው እናሳድራለን።

ከመካከላችን የሦስቱን ዓመት ትምህርት የመስክ ሥራውን ጨምሮ የጨረሰች፣ በአንድ የእንግሊዝኛ ኮርስ ምክንያት ግን ዲግሪዋን ያልያዘች እህት አለች። በእኛ ሙያ ደግሞ ይህ ቀላል አይደለም። በ1996 በወጣው የማኅበራዊ ሠራተኞች ሕግ መሠረት ማኅበራዊ ሠራተኛ ለመባል በመዝገቡ መስፈር ያስፈልጋል፤ ለዚያም ዲግሪው ይጠየቃል። «በመጀመሪያው ዓመት ብጀምረው ኖሮ ዛሬ ሥራ ላይ እሆን ነበር» አለችን። ምክንያቱ ያለፈ፣ ውጤቱ የዛሬ፤ በክፍል ያስቸገረን ዓረፍተ ነገር በትክክል ይኸው ነው።

ይህን ዓረፍተ ነገር ከሷ በፊት በየቤታችን ሰምተነዋል። ደብዳቤ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ይመጣል፤ እናታችን ከፍታ ታየውና ለኛ ትሰጠናለች። «ያኔ ኡልፓኑን ብጨርስ ኖሮ ዛሬ ራሴ አነበው ነበር ልጄ፤ አንተን አላስቸግርም ነበር» ትላለች። እኛም ብዙ ጊዜ «እማ፣ ተይው አሁን፤ ነበር ባይሰበር» ብለን እናልፈዋለን። አባባሉ እውነት አለው፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ግን እናታችን ስለ ፈሰሰው ውሃ ብቻ አልነበረም የምትናገረው። «ዛሬ» ብላለች። ደብዳቤው ዛሬ በእጇ ነው፤ ማንበብ አለመቻሏም ዛሬ ነው። እኛ ስለ ትናንት ቁጭት የሰማን መስሎን የዛሬውን ጥያቄ ሳንሰማ ቀርተናል።

ማኅበራዊ ሥራ ስንማር ደግሞ ሌላ ነገር ገባን። በዚህ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ውስጥ የመጀመሪያውን ግማሽ የመረጠ ሰው ጥፋተኛውንም መርጧል። «እናቲቱ ኡልፓኑን ብትጨርስ ኖሮ ዛሬ ከልጇ ትምህርት ቤት ጋር ትነጋገር ነበር» ብሎ መጻፍ ይቻላል። «ኡልፓኑ ከሥራ ሰዓቷ ጋር ባይጋጭና ልጆቿን የሚጠብቅላት ቢኖር ኖሮ ዛሬ ከትምህርት ቤቱ ጋር ትነጋገር ነበር» ብሎ መጻፍም ይቻላል። ሰዋስዉ በሁለቱም ልክ ነው፤ ሁለተኛው ግማሽም አንድ ነው። በፋይል ላይ ሲሰፍር ግን የመጀመሪያው ሴትዮዋን ይከሳል፣ ሁለተኛው ምን መስተካከል እንዳለበት ያሳያል። ስለ ማኅበረሰባችን ሌሎች ሲጽፉ የኖሩት ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው መንገድ ነው። ነገ ብዕሩ በእኛ እጅ ይሆናል፤ በ«ኖሮ» በኩል ማንን እንደምናቆም ማሰብ አለብን። ስለ ራሳችንም ስንናገር እንዲሁ ነው። «ጎበዝ ብሆን ኖሮ» እና «በጊዜ ብጀምር ኖሮ» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው የሚደረግ ነገር አይተውልንም፤ ሁለተኛው ይተውልናል።

ዓረፍተ ነገሩ ለቁጭት ብቻ የተሠራ እንዳልሆነም እናስታውስ። ወላጆቻችንና አያቶቻችን በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በእግራቸው ወደ ሱዳን ባይነሱ ኖሮ፣ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ጊዜ በአዲስ አበባ የጠበቁት ተስፋ ቆርጠው ቢመለሱ ኖሮ፣ እኛ ዛሬ በዚህ ክፍል ተቀምጠን ስለ እንግሊዝኛ ሰዋስው አናማርርም ነበር። በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች የቀሩት ብዙ ናቸው፤ መታሰቢያቸው በሄርጽል ተራራ ቆሟል። ስለዚህ «ኖሮ» ስንል የጎደለንን ብቻ ሳይሆን የተከፈለልንንም እንቁጠር።

ታዲያ ምን እናድርግ? አስተያየታችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ እንግሊዝኛን ለሦስተኛው ዓመት ማሳደር ይብቃ። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይሉ የለ? የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሁሉ በመጀመሪያው ሴሜስተር የትኛው ደረጃ ላይ እንዳለ አውቆ ኮርሱን ይጀምር። ሁለተኛ፣ ማኅበራችን የጥናት ቡድን ያቋቁም። ፕቶር ያገኙ ገና ከሚማሩት ጋር በሳምንት አንድ ምሽት ይቀመጡ፤ ሰዋስዉንም ከአማርኛና ከዕብራይስጥ ጋር እያስተያዩ ያስረዱ። በአማርኛ አፍ የፈታ ተማሪ የት ላይ እንደሚሳሳት ከእኛ የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ እኛው እዚያው ላይ ተሳስተናልና። አማርኛው እየጠፋባቸው ላሉ ታናናሾቻችንም በአንድ ምሽት ሁለት ትምህርት ይሆንላቸዋል።

ያቺ እህታችን ዘንድሮ ኮርሱን እንደገና ይዛለች፤ ሁለታችን አብረናት እናጠናለን። በየቤታችን ደግሞ ደብዳቤው ሲመጣ ከእንግዲህ አንብበን ብቻ አንሰጥም፤ ከእናታችን አጠገብ ተቀምጠን ከላይኛው መስመር ጀምሮ አብረን እናነባለን። ያለፈውን ግማሽ ማንም አይለውጠውም። «ዛሬ» የሚለው ግማሽ ግን ገና አልተዘጋም።